ስም የሌለው ማዞሪያ

ውድ አንባቢ፤ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ካሉት መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ጉዳይ ይዘው ቢገቡ፥ መንገድ የሚመራዎ በየበሩ ላይ የተለጠፈው ትንሽ ሰሌዳ ነው። «መዝገብ ቤት» ካለ ይገባሉ፤ «ገንዘብ ያዥ» ካለ ሌላ በር ይፈልጋሉ። ሰሌዳው ባይኖር ጉዳትዎ ጥቂት መንከራተት ብቻ ነው። ዛሬ የማጫውትዎ ግን የሰሌዳ መጉደል ነፍስ ስለሚያስከፍልበት ሥራ፥ በግል እጅ ስለሚሠራ አይሮፕላን ነው።

ነገሩ ከአገራችን የራቀ አይምሰልዎ። በአለማያ የጤና ትምህርት የተማሩት አቶ አስመላሽ ዘፈሩ በ2007 ዓ.ም. ኬ-570ኤ የተባለ አይሮፕላን ሠርተው ለሙከራ አቅርበዋል። ሞተሩ የቮልስዋገን መኪና፥ ጎማው የሱዙኪ ሞተር ብስክሌት ነበር። 570 የሚለው ቁጥርም ሥራው የፈጀውን ቀን ያመለክታል። ይህን ያህል ለሚደክም ሰው፥ በአብራሪው ፊት ባለው የመሣሪያ ሰሌዳ ላይ የሚቀረጸው ፊደል የመጨረሻና ቀላል ሥራ ሊመስለው ይችላል። ቀላል አለመሆኑን ግን የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

ጆን ዴንቨር የተባለው ዝነኛ አሜሪካዊ ዘፋኝ ሌላ ሰው በግሉ የሠራውን ሎንግ-ኢዜድ የተባለ አይሮፕላን ገዝቶ ነበር። ጥቅምት 2 ቀን 1990 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ጠረፍ ሲበር ባሕር ላይ ወድቆ ሞተ። መርማሪዎቹ እንደ ደረሱበት፥ ሠሪው ነዳጁን ከአንዱ ሰልባትዮ ወደ ሌላው የሚያዞረውን መያዣ ከአብራሪው ግራ ትከሻ በስተኋላ አድርጎት ነበር። በመያዣው ላይ ጽሕፈት አልነበረም፤ የነዳጁ መለኪያም ምልክት አልነበረውም። ዴንቨር መያዣውን ለማግኘት ዞር ሲል ሳያስበው የቀኙን ፔዳል ረገጠ።

አንባቢ ሆይ፤ ያ ሠሪ ሰነፍ አልነበረም። ራሱ ስለ ሠራው ማዞሪያው ወዴት እንደሚዞር በልቡ ያውቀዋል። ነገር ግን ዕቃ ከሠሪው እጅ ይወጣል፤ የሠሪው ዕውቀት ግን አብሮት አይሄድም።

ስለዚህ ፊደሉ ይቀረጽ። በወረቀት የተጻፈ በፀሐይ ይነጣል፤ በቀለም የተጻፈ ቤንዚን በነካው ጣት ይጠፋል። ቀራጮች ላዩ ጥቁር ውስጡ ነጭ የሆነ ፕላስቲክ ወስደው ላዩን በመሣሪያ ወይም በሌዘር ሲፍቁት፥ ነጩ ፊደል ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ፊደል በቀላሉ አይፋቅም።

ቃሉንም መምረጥ ያሻል። በአማርኛችን «ክፈት» ትእዛዝ ነው፤ «ክፍት» ደግሞ ሁኔታን መናገር ነው። የሁለቱ ልዩነት የአንዲት ፊደል ቅርጽ ነው። አብራሪ በጭንቅ ሰዓት «ክፈት» የሚል ቢያነብ፥ አሁን ተከፍቷል ማለት ነው ወይስ ልክፈተው? ብሎ ያመነታል። ስለዚህ ቀስቱ በሚያመለክትበት ቦታ «ክፍት»፥ «ዝግ»፥ «ግራ ሰልባትዮ»፥ «ቀኝ ሰልባትዮ» ብሎ ሁኔታውን መጻፍ ይሻላል።

ከመቅረጽ በፊት ቃሎቹን በወረቀት ጽፎ በየቦታቸው መለጠፍ፥ ከዚያም አይሮፕላኑን የማያውቅ ወዳጅ በወንበሩ አስቀምጦ «ነዳጁን ዝጋ» ማለት ነው። ወዳጁ ካመነታ የሚለወጠው ቃሉ ነው እንጂ ወዳጁ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እርስዎ አይሮፕላን አይሠሩ ይሆናል። ነገር ግን ነገ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወሩ የፋይል ሣጥንዎን የሚረከብ ሰው ይኖራል። በሣጥኑ ጀርባ ላይ የጻፉት ቃል ያለ እርስዎ ሊናገር ይችላልን? ዛሬ ወደ ቢሮ ሲመለሱ አንዱን ሣጥን አንሥተው ይመልከቱት።