ሚዛን ብቻውን ምስክር አይሆንም
ይድረስ፦ የልጆች ውፍረት ሕክምና መርሐ ግብሮችን ለሚመሩና በጀት ለሚመድቡ ሁሉ

ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለባቸውን ልጆች የሚያክሙ መርሐ ግብሮች ብዙ ጊዜ የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ልጁ ስንት ኪሎ ቀነሰ? ጥያቄው ለአዋቂ ይስማማ ይሆናል፤ በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን ያሳስታል።

ለምሳሌ አንዲት የ8 ዓመት ልጅ ቁመቷ 1 ሜትር ከ30፣ ክብደቷ 40 ኪሎ ቢሆን ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው የክብደትና የቁመት ምጣኔዋ 23.7 ነው። በዓመቱ ቁመቷ 1 ሜትር ከ36 ደርሶ 42 ኪሎ ብትመዝን ምጣኔዋ ወደ 22.7 ይወርዳል። ሚዛኑ 2 ኪሎ መጨመሯን ያሳያል፤ ሕክምናው ግን እየሠራ ነው። ኪሎ ብቻ የሚቆጥር መዝገብ «አልተሳካም» ብሎ ይዘጋል፤ ልጅቷም ያጠፋች መስሏት አንገቷን ደፍታ ትወጣለች።

የልጆች ምጣኔ የሚነበበው ከዕድሜና ከጾታ እኩዮቻቸው ጋር ተነጻጽሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሠንጠረዥ ለዚህ ያገለግላል። እንዲህ ያሉ ሠንጠረዦችም ቢሆኑ ገደብ አላቸው። ለምሳሌ በአሜሪካ የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሠንጠረዥ እጅግ ከባድ ውፍረት ያለባቸውን ልጆች ለውጥ በደንብ ስለማያሳይ፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የተራዘመ ሠንጠረዥ ለማውጣት ተገዷል።

ሁለተኛው ስሕተት ከቆጠራው ይጀምራል። 100 ልጆች ጀምረው 40 ቢጨርሱ፣ ሪፖርት የሚደረገው የ40ዎቹ አማካይ ውጤት ከሆነ፣ የቀሩት 60 እንዳልነበሩ ይሆናሉ። ያቋረጡት ግን የትራንስፖርት ገንዘብ ያጠራቸው፣ እናታቸው የማታ ፈረቃ የምትሠራ፣ ወይም በሰው ፊት ኪሏቸው ጮክ ተብሎ ሲነገር ያፈሩ ሊሆኑ ይችላሉ። መርሐ ግብሩ ብዙ ሊማር የሚችለው ከእነሱ ነበር።

ሦስተኛው ስሕተት የጊዜ ነው። በ12ኛው ሳምንት፣ ድጋፉ ሳይቋረጥ የተወሰደ ልኬት ስለ ዘለቄታው አይናገርም። ሊዮናርድ ኤፕስታይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ የታከሙ ቤተሰቦችን 10 ዓመት ተከታትሏል። ልጅና ወላጅ አብረው ልማዳቸውን እንዲለውጡ በተበረታቱበት ቡድን የልጆቹ ትርፍ ክብደት ከመነሻው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ በማነጻጸሪያው ቡድን ግን ከፍ ብሎ ነበር። ልዩነቱ የታየው መርሐ ግብሩ ካበቃ ከብዙ ዓመታት በኋላም በመሆኑ፣ በ12 ሳምንት የሚዘጋ መዝገብ ሊይዘው አይችልም።

የሕክምናው ዓላማ ጤና እንጂ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የደም ግፊት፣ የደም ስኳር፣ የጉበት ሁኔታና እንቅልፍ አብረው መለካት አለባቸው። ልጁ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው እንደሆነ፣ ከእኩዮቹ ጋር ይጫወት እንደሆነ፣ ምግብ መፍራት ወይም ተደብቆ መብላት ጀምሮ እንደሆነም መጠየቅ ይገባል። ክብደቱ ቀንሶ ከምግብ ጋር የተጣላ ልጅ ድኗል አይባልም።

እንግዲህ አሠራሩ በአራት ነገር ይስተካከል፦ የጀመሩት ልጆች ሁሉ ይቆጠሩ፤ ካልታከሙ ተመሳሳይ ልጆች ጋር ይነጻጸሩ፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት ክትትል ይደረግ፤ ያልተሳካውም ከተሳካው እኩል ይታተም። በጀትም የሚመደበው በዚህ ሚዛን ይሁን።