መነጽሩ እስኪመጣ ስልካችሁ አለ



የፈላ ሻይ የተደፋበት ልጅ ቁስሉ ሲታጠብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነርሷ ገና ሳትነካው፣ ትሪው ላይ መቀስና ፋሻ ሲያይ ብቻ «ሆዮ! ሆዮ!» እያለ ይጮኻል። እናቱ እጁን፣ አጎቱ እግሩን ይይዛሉ። ሻዩ የተደፋው አንድ ቀን ነው። ፋሻው ግን በየጊዜው ይቀየራል፤ ፍርሃቱም አብሮ ይመለሳል።

አሜሪካ ውስጥ ሲያትል በሚገኘው የሀርበርቪው የቃጠሎ ሕክምና ማዕከል፣ ሀንተር ሆፍማንና ዴቪድ ፓተርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዚህ አንድ ዘዴ ሞክረዋል። ታካሚው የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ያደርጋል። ቁስሉ ሲታጠብ እሱ በበረዶ ሸለቆ ውስጥ እየሄደ ፔንግዊኖች ላይ የበረዶ ኳስ ይወረውራል። ጨዋታው ስኖውወርልድ ይባላል። ብዙ ታካሚዎች ሕመሙ እንደቀለላቸው ተናግረዋል። ምክንያቱም ሕመም የሰውን ትኩረት ይፈልጋል፤ ሐሳብ ሌላ ቦታ ከተያዘ ለሕመሙ የሚተርፈው ያንሳል።

«እኛ ማስታገሻው መቼ ተሟላልንና ነው መነጽር የምታወራው?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ይቅደም። መነጽሩ ሲያትልም ቢሆን ማስታገሻን ያግዛል እንጂ አይተካም። ግን የዘዴው ዋና ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ መጀመር እንችላለን።

አንደኛ፣ ልጁ ምን እንደሚደረግለት በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ባለሙያው አማርኛ፣ ልጁ ሶማሊኛ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱንም የምትችሉ የጅግጅጋ፣ የቶጎ ውጫሌና የቀብሪበያህ ልጆች መሀል ገብታችሁ አስረዱት። ሁለተኛ፣ «ምንም አያምህም» ብላችሁ አትዋሹት። አንዴ ከተዋሸ በሚቀጥለው ቀን ማንንም አያምንም። ሦስተኛ፣ ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ ስልካችሁ ላይ ጌም ክፈቱለት። ዝም ብሎ ከሚያየው ቪዲዮ ይልቅ ራሱ የሚጫወተው ሐሳቡን ይበልጥ ይይዘዋል።

ለዚያራ ስንሄድ ብስኩትና ጭማቂ እንይዛለን፤ መልካም ነው። አንድ ቀን ደግሞ በፋሻ ሰዓት እንሂድ።

ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የጤናም የኮምፒውተርም ተማሪዎች አሉት። ሁለቱ አንድ ላይ ቢቀመጡ፣ በፔንግዊን ፋንታ የካራማራን ተራራና ግመሎችን የያዘ፣ በሶማሊኛ የሚናገር ጨዋታ ለመሥራት ምን ያግዳቸዋል? ልጆቻችን ሌላ ሰው እስኪያስብላቸው ለምን ይጠብቁ?

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው።