ፓምፑን ተዉት፣ ክዳኑን እዩት!

ሰሞኑን ከመካከላችን አንዱን ፍቅር ይዞታል። ያፈቀራት ግን ሰው አይደለችም፤ የኤሌክትሪክ የውሃ ፓምፕ ናት! ማታ ማታ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ፎቶዋን እያሰፋ ያያል፤ አሜሪካ ያለው አጎቱ ገዝቶ እንዲልክለት ይለማመጣል። ለምን ብትሉ፣ አባቱ ውጫሌ ላይ ለያዟት አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። በቺንጋ የሚዞረውን የድሮ ፓምፕ አውጥቶ በባትሪ የሚሠራውን ሊተካበት!

(ቮልስ ያላችሁ ወዳጆቻችን እዚህ ላይ ብታቆሙ አንቀየማችሁም። የእናንተ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣባት ቮልስ እንኳ የውሃ ፓምፕ አልነበራትም።)

በቀልድ ብንጀምረውም ነገሩ ቀልድ አይደለም። የጓደኛችን እናት በወር ሁለት ጊዜ ደሴ የሐኪም ቀጠሮ አላቸው። የሚመላለሱት በዚችው ዲኤክስ ነው። ባለፈው ሁለታችን አብረናቸው ነበርን። ከውጫሌ ተነስተን፣ የአምባሰልን ተራሮች ወደ ኋላ ትተን፣ ሐይቅን አልፈን፣ ወደ ቦሩ ሜዳ የሚወስደውን ዳገት ስንያያዘው የሙቀት መለኪያው ቀስት ሽቅብ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት! ጓደኛችን ዘሎ ወርዶ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሲሰድ፣ ከኋላችን የቆመ የአይሱዙ ሾፌር «እንዳትነካው!» ብሎ ጮኸበት። እጁ ተረፈ። ቀጠሮው ግን አልተረፈም። እማማ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠው «አብሽሩ ልጆቼ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም» ሲሉን መግቢያ ጠፋን።

የፓምፑ ፍቅር የተወለደው ያን ዕለት ማታ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ነገርዬው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የውሃ ፓምፕ ሥራ ውሃውን ከሞተር ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ወደ ሞተር ማዞር ነው። በድሮ መኪኖች ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ነው፤ ቺንጋውን ደግሞ ሞተሩ። ስለዚህ ሞተሩ ሲሮጥ ፓምፑም ይሮጣል፤ ሲያዘግም ያዘግማል፤ ሲጠፋ ይቆማል። የኤሌክትሪኩ ግን የራሱ ሞተር ስላለው ከዚህ ሁሉ ጋር ጉዳይ የለውም። መኪናው ቆሞም ቢሆን ውሃውን በሚፈለገው መጠን ያዞራል፤ ሞተር ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ እየሠራ ግለቱን ያበርዳል። ደግሞም ፓምፕ በእጥፍ ሲፈጥን የሚበላው ጉልበት ወደ ስምንት እጥፍ ስለሚጠጋ፣ የቺንጋው ፓምፕ በከፍተኛ ፍጥነት ከሞተሩ የሚሻማውን ጉልበት ያስቀራል።

ይሄ ተረት አይደለም። ቢኤምደብልዩ ኤን 52 በተባለው ሞተሩ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ገጥሟል። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ሞተር ላይ ቺንጋ የሚባለውን ከነጭራሹ አስቀርቷል። ለአሮጌ መኪና የሚገጠሙትን ደግሞ ዴቪስ ክሬግ የተባለ የአውስትራሊያ ኩባንያ ሠርቶ ይሸጣል። እንግዲህ ጓደኛችን ያፈቀረው ቁም ነገር ያለው ዕቃ ነው፤ አልካድንም። አዲስ አበባ፣ መገናኛ ላይ በመኪና ሰልፍ ተገትሮ ለሚውል የድሮ መኪና ቢሆን ኖሮ ራሳችን ሽማግሌ ሆነን በላክንለት።

ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ዲኤክሷ የፈላችው ፓምፑ ሰንፎ ነው ወይ?

አይደለም! ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ስትወጡ ሞተሩ ይጮሃል፤ ፓምፑም አብሮት ይበርራል። ውሃው በደንብ እየዞረ ነው። የሚጎድለው ነፋስ ነው። መኪናዋ ቀስ እያለች፣ ሞተሩ ግን ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ስለሆነ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው አየር ከግለቱ ጋር አይመጣጠንም። ራዲያተሩ የተደፈነ ከሆነ ዳገቱ ያጋልጠዋል። ፓምፕ ብትቀይሩ ያንኑ የጋለ ውሃ በአዲስ ፓምፕ ማዞር ነው ትርፉ።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታችን ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ብለው ያስተማሩን የባሕር ዳርቻውን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ በክፍት ድስት ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሞተር ቴርሞስታት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ባለው ነው። አስቡት፤ በመካከሉ ያለው ጥቂት ዲግሪ ብቻ! ታዲያ ከዚህ የሚያድነን ማነው? ያ የተናቀ የራዲያተር ክዳን። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር የተጻፈበት ደህና ክዳን ግፊቱን ሲይዝ፣ ውሃው ደሴ ላይ እንኳ ከ110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ጎማው ከደረቀ ወይም ሞላው ከላላ ግን ራዲያተሩ ተራ ድስት ሆነ ማለት ነው።

በማግስቱ ደሴ ጋራዥ ወስደን ያየነውን እንንገራችሁ። የክዳኑ ጎማ እንደ ቋንጣ ደርቋል። ከራዲያተሩ ቱቦዎች ግማሽ ያህሉ በነጭ ዝቃጭ ተደፍነዋል። ቴርሞስታቱ የለም! ፓምፑስ? መካኒኩ በእጁ ወዘወዘው፤ ኩሽኔታው አልተንቀሳቀሰም፣ ጠብታም አያፈስም። ሊሰቀል የነበረው ንጹሑ ተከሳሽ እሱ ሆኖ ተገኘ። አባትዬው ይህን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው «ቴርሞስታቱን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ያፈላል ብለውኝ» አሉ። እኛም «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አልናቸው። እውነት ነው፤ ቴርሞስታት ማውጣት አገሩን ያዳረሰ መድኃኒት ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በደሴ ብርድ ለመሞቅ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ነዳጅም ይበላል፤ የተደፈነ ራዲያተርን ግን አይከፍትም።

እሺ፣ የኤሌክትሪኩ ይግጠምላት ብንልስ? ዲኤክስ ላይ ቬንቲሌተሩ የታሰረው ከፓምፑ ጋር ነው፤ አሮጌውን ፓምፕ ካነሳችሁ ቬንቲሌተሩንም በኤሌክትሪክ መተካት ይመጣል። ፓምፑ ብቻውን እስከ 10 አምፔር ሊወስድ ይችላል፤ የሁለቱን የፊት መብራቶች ያህል ማለት ነው። በክረምት ማታ መብራት፣ የመስታወት መጥረጊያ፣ ቬንቲሌተርና ፓምፕ ባንድ ላይ ሲጣሩ አሮጌው ዲናሞ የቱን ይሰማ? ደግሞ አንድ የማይታሰብ ነገር አለ። ያንኑ ዲናሞ የሚያዞረው ቺንጋ ሲበጠስ የባትሪ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ቦግ ይላል፤ ትቆማላችሁ። ፊውዝ ሲቃጠል ግን ለብቻው ማስጠንቀቂያ ካልገጠማችሁለት ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሞት። ቺንጋ የሚቀይር ሰው ውጫሌም ሐይቅም አይጠፋም። ከባሕር ማዶ የመጣ መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ግን መኪናዋም እማማም አጎት እስኪልክ ይጠብቃሉ።

ለአንድ ክዳን ይህን ያህል ማንዛዛት ለምን አስፈለገ ትሉን ይሆናል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቀ። ውሳኔውን እንደግፍ አንደግፍ ሌላ ቀን እንጨቃጨቃለን። ነገር ግን ያሉን የነዳጅ መኪኖች በቀላሉ የሚተኩ ስላልሆኑ ረጅም ዕድሜ መኖር አለባቸው። የአንድ ክዳን ቸልተኝነት ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፤ ቴስታታ ያጣምማል፤ ቴስታታ ሲጣመም የአንድ ቤተሰብ እግር ይሰበራል።

እኛ ወጣቶች ችግር ባየን ቁጥር አዲስ ዕቃ ወደ መግዛት እንሮጣለን። አባቶቻችን ደግሞ የሚያስቸግረውን ነቅለው ይጥላሉ፤ ከዚያ ያገኙትን ውሃ በጀሪካን ይሞላሉ። ሁለታችንም በሽታውን አልመረመርንም። ሐይቅን ተመልከቱ። ውሃ ይገባበታል እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። የሚፈላ ራዲያተርም እንደዚያው ነው። እኛ እየቀዳን በጨመርን ቁጥር እንፋሎቱ ይሄዳል፤ ነጩ ዝቃጭ ይቀራል።

ስለዚህ አቋማችን ይኸውላችሁ። ቅድሚያ ክዳኑን ቀይሩ። ቀጥሎ ራዲያተሩን አሳጥቡ፣ ካልሆነም አስቀይሩ። ቴርሞስታቱን ወደ ቦታው መልሱ። ከወንዝ ውሃ ይልቅ ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ጨምሩ። መንገድ ላይ ከፈላችባችሁ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ ክዳኑን አትንኩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትገልብጡ፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከፈላች፣ ያኔ ስለ ኤሌክትሪክ ፓምፕ እንነጋገራለን።

ጓደኛችን ለጥቂት ቀን አኩርፎን ነበር። የአጎቱ ገንዘብ ግን ለራዲያተር ዋለ። በቀደም ለቀጠሮ ያንኑ ዳገት ወጣን። ሁላችንም ዓይናችን ቀስቱ ላይ ነው፤ ቀስቱ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል። ያን ቦታ ስናልፍ እማማ በመስኮት እያዩ «ድንጋዬ ዛሬ ሰው አጣች» አሉ።

ቸር እንሰንብት!