ወገብ ከተቀጨ በኋላ

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ወደ ዘላቂ የአካል ጉዳት ይሸጋገር እንደሆነ የሚወስነው የቁስሉ ክብደት ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በማሽን ለተቆረጠ ጣት ይሠራ ይሆናል፤ ሸክም ሲነሣ ለተቀጨ ወገብ ግን አይሠራም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ወገባቸውን ተጎድተው ካሳ የጠየቁ 1,885 ሠራተኞችን ተከታትሎ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከዓመት በኋላም መሥራት ባለመቻላቸው ክፍያ ሲቀበሉ ያገኛቸው 14 በመቶ ያህሉን ነበር። በእነዚህ ላይ ጎልተው የታዩት አጋላጭ ሁኔታዎች፣ ማለትም ውጤቱን በራሳቸው አመጡት ባይባልም ባሉበት ሁሉ ውጤቱ የሚበዛባቸው ነገሮች፣ ወደ እግር የሚወርድ ሕመምን የመሰሉ የሕክምና ምልክቶች ብቻ አልነበሩም፤ የሥራው ጥድፊያ፣ ቀደም ሲል በሌላ ጉዳት ወር ሙሉ ከሥራ መቅረትና፣ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው፣ አሠሪው ለተጎጂው የሚስማማ ቀለል ያለ ሥራ አለማቅረቡም ተቆጥረዋል።

ሌላው ፍርሃት ነው። ስኮትላንዳዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጎርደን ዋዴልና ባልደረቦቹ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ፣ ሠራተኛውን ከሥራ ከሚያስቀረው ሕመሙ ይልቅ «ብሠራ ይብስብኛል» የሚለው እምነት ሊሆን እንደሚችል አመልክተዋል። ቤተ ዘመድ በርኅራኄ የሚሰጠው «ተኛ፣ አትነሣ» የሚል ምክርም ይህንኑ ፍርሃት ያጸናዋል፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ሙከራ፣ ድንገተኛ የወገብ ሕመም ይዟቸው ሕመሙ በፈቀደላቸው መጠን የዕለት ተግባራቸውን የቀጠሉት፣ ሁለት ቀን አልጋ ላይ እንዲውሉ ከታዘዙት ፈጥነው አገግመዋል።

የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለጊዜያዊ የአካል ጉዳት፣ ማለትም ሠራተኛው ለተወሰነ ጊዜ ሥራውን እንዳይሠራ ለሚያግደው ጉዳት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከ75 በመቶ፣ በተከታዮቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ የማያንስ ክፍያ ያዝዛል። የክፍያው መቀነስ ሠራተኛውን ወደ ሥራ ይገፋዋል፤ ሆኖም ዘላቂ ጉዳት ከፊል ቢሆንም እንኳ ሠራተኛውን መሥራት እንዳይችል ሲያደርገው ውሉ በሕግ እንደሚቋረጥ ያው አዋጅ ስለሚደነግግ፣ የሚመለስበት ሥራ ሊጠፋ ይችላል። በአንጻሩ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች ያስገድዳል። ሁለቱ አዋጆች በአንድ ተጎጂ ላይ ሲገናኙ ማመቻቸቱ መቅደም ያለበት ይመስላል፤ ውሉ ካከተመ በኋላ የሚስተካከል የሥራ ቦታ የለምና። ሲሚንቶ ሲያወርድ ወገቡ የተቀጨ የቀን ሠራተኛ ግን ቀለል ያለ ሥራ የሚሰጠው ቀርቶ፣ በማግሥቱ ለምን እንደቀረ የሚጠይቀው አሠሪም ላይኖረው ይችላል።