በሐሰት ሲከሱን ተስፋችን ማን ነው?

ባልሠራችሁት ነገር ተከሳችሁ ታውቃላችሁ? በመሥሪያ ቤትም ሆነ በሰፈር፣ አንዳንዴም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሐሰት ክስ ልብን ይሰብራል። ዛሬ የአንዲት እህታችንን ታሪክ ላስታውሳችሁ።

አሲያ ቢቢ በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍለ ሀገር በቀን ሥራ የምትኖር የልጆች እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2009 ፍራፍሬ ስትለቅም ለሥራ ጓደኞቿ ውኃ ቀዳች። ሴቶቹ ግን ክርስቲያን የነካውን አንጠጣም በማለታቸው ጠብ ተነሣ። ከቀናት በኋላ ነቢዩ መሐመድን ሰድባለች ተብላ ተከሰሰች፤ በ2010 ሞት ተፈረደባት።

ልብ በሉ፤ የነገሩ መነሻ አንድ ኩባያ ውኃ ነው። የክሱ ቅጣት ሞት ስለሆነ ቂም የያዘ ሰው ባላጋራውን የሚያጠፋበት መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። ለተከሳሹ መናገርም ያስፈራል። ሕጉን የተቃወሙት የፑንጃብ ገዥ ሳልማን ታሲርና ክርስቲያኑ ሚኒስትር ሻህባዝ ባቲ ሁለቱም በ2011 ተገደሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የምስክሮቹ ቃል እርስ በርሱ እንደሚጋጭ አይቶ አሲያን በነጻ ያሰናበታት ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ነው። በ2019 ወደ ካናዳ ሄደች።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ የእግዚአብሔር መዘግየት መርሳት አይደለም። ዮሴፍ የጠጅ አሳላፊው ከረሳው በኋላ ሁለት ዓመት በወኅኒ ቆይቷል (ዘፍ. 40–41)። ሆኖም ተስፋችን በፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ብቻ ከቆመ፣ የአሲያን መፈታት ሳያዩ ስለ ሞቱት ስለ ባቲ ምን እንላለን? ጌታችንም በሐሰት ተከስሶ ራሱን የሰጠው በጽድቅ ለሚፈርደው አባቱ ነው (1ጴጥ. 2፥23)። ያ ፈራጅ ይግባኝ የማይባልበት ነው።

ሁለተኛ፣ መከራ ወደ ጥላቻ አይውሰደን። ታሲር ሙስሊም ነበሩ፤ ጠበቃዋም፣ ነጻ ያወጧት ዳኞችም ሙስሊሞች ናቸው። ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው እውነትን ፈረዱ።

ሦስተኛ፣ እኛስ? ስለ ወንድማችን የሰማነውን ሳናጣራ ስንቴ አውርተናል? ያለ ሁለትና ሦስት ምስክር አትፍረዱ የሚለው ሕግ (ዘዳ. 19፥15) ለእኛም ነው።

ወገኖቼ፣ ያ ሕግ ዛሬም አልተሻረም፤ በእርሱ የታሰሩ አሉ። ዛሬ ማታ ስትጸልዩ አስቧቸው። ጌታ ይባርካችሁ።