ሰዓት ከመያዛችሁ በፊት ዕድሜ ጠይቁ
ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ የሩጫ ቡድኖች የቀረበ ማሳሰቢያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሩጫ ቡድን ለማቋቋም የተነሣችሁ ሁሉ፣ ይህን ማሳሰቢያ አንብቡት። ልጆቻችሁን ወደ ሜዳ የምትልኩ ወላጆች፣ ቡድኖችን የምትመዘግቡ የወረዳ ስፖርት ኃላፊዎች፣ በየጤና ጣቢያው የምትሠሩ ባለሙያዎችም አንብቡት። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማንም እንዲተወው አልፈልግም። ሕፃንና ወጣት፣ እናትና ጡረተኛ በአንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸው ለአካባቢው በረከት ነው። አደጋው ያለው ሁሉንም በአንድ ፕሮግራም ማስሮጥ ላይ ነው። የ22 ዓመት ጎረምሳ የሚችለውን ልምምድ የ12 ዓመት ልጅ ከኋላው እየተከተለ ሲሠራ፣ የ50 ዓመት አባወራ እንዳያፍር ብሎ አብሮ ሲታገል እናጨበጭባለን። ማን እየተጎዳ እንደሆነ የሚመለከት ሰው ግን ሜዳው ላይ የለም።

ስለ ሩጫ ሲነሣ በቆጂ ትጠቀሳለች። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ወጥተዋል። ሰው የሚያነሣው ከፍታዋንና አየሯን ነው። ከፍታማ እኛም አለን፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፣ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። የሚረሳው አሰልጣኙ ነው። ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ማን ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ማን ቁርስ ሳይቀምስ እንደመጣ፣ ማን ከትናንት ጀምሮ እንደሚያነክስ ለማወቅ ልጆቹን በየቀኑ ከሚያይ መምህር የተሻለ ሰው የለም። ቡድን ስታቋቁሙ ከሜዳውና ከማሊያው በፊት እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ።

መጀመሪያ ዕድሜን በእውነት መዝግቡ። ለታዳጊዎች ውድድር ዕድሜ ይቀነሳል፤ ሽልማት ላለበት የጎዳና ሩጫ ደግሞ ይጨመራል። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ልጁ ዕድሉ እንዳያመልጠው የሚሳሱ ዘመዶችና አሰልጣኞች ናቸው። ነገር ግን ወረቀት ላይ 20 ዓመት የሆነ ልጅ አጥንቱ ውስጥ አሁንም 15 ነው። የልጅ አጥንት ጫፍ ላይ የሚያድግበት፣ ገና ያልጠነከረ ክፍል አለ፤ በየቀኑ ረጅም ርቀት በኮንጎ ጫማ ጠጠር ላይ ሲደበደብ ይቆስላል። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር በዓለም ሻምፒዮናው ማራቶንን ዕድሜያቸው 20 ላልሞላ የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የ14 ዓመት ልጅ ይጫወት፣ ይዝለል፣ አጭር ርቀት ይሩጥ፣ በሳምንት ውስጥም የሚያርፍባቸው ቀናት ይኑሩት። ጉልበቱን ወይም ተረከዙን የሚያመው ልጅ እስኪሻለው ይረፍ። «ይለምደዋል» አይባልም።

ስለ ምግብ ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ በእኛ አካባቢ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነውና። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለዓመታት በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። በዚህ አገር ልጅን «ሩጥ» ማለት፣ ቤተሰቡ ለሥራና ለዕድገት ከሚሰፍርለት እህል ላይ ሌላ ወጪ መጨመር ነው። ከፍታ ደምን ያበዛል ይባላል፤ እውነት ነው። ቀይ የደም ሴል ግን ከአየር አይሠራም፤ ብረት ይፈልጋል። ብረት የሚገኘው ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከጎመን፣ ሲገኝም ከሥጋ ነው። ሎሚና ቃሪያ ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ያግዛሉ፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ይከለክላሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ይዘግዩ። የሚበላው ያነሰው ሯጭ መጀመሪያ ይፈጥናል፤ ሰውነቱ ቀሏልና። ጥቂት ወራት ቆይቶ ይደክማል፣ ይገረጣል፣ አጥንቱም ይሰነጠቃል። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባዋ ይቀራል። «ለሩጫ ይመቻታል» የሚሉ አሉ፤ አትመኗቸው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግልጽ ያስጠነቀቀው ስለዚህ ነው፦ የምግብ ጉድለት የሯጭን አጥንት፣ ልብና ማሕፀን አብሮ ይጎዳል። የወር አበባዋ ሦስት ወር የቀረባት ልጅ ልምምዷ ይቀነስ፣ ምግቧ ይጨመር፣ ጤና ጣቢያም ትሂድ።

ጾምን የሚወስኑት ቤተሰብና የንስሐ አባት ናቸው። የልምምዱን ክብደት የሚወስነው ግን አሰልጣኙ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የሚውል ልጅ ጠዋት ዳገት አይሩጥ። ፕሮግራሙ ይቅለል፤ ሰዓቱም እህል ወደሚቀመስበት ይጠጋ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ በዓይን የማይታየው ነው። በአገራችን ልጆችና ወጣቶች ላይ ከሚበዙት የልብ በሽታዎች አንዱ ከጉሮሮ ሕመም ይነሣል። በወቅቱ በመድኃኒት ያልታከመ ቶንሲል የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትል ይችላል፤ ትኩሳቱም የልብን ቫልቮች ሊያበላሽ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀረውም። ልጁ ለዓመታት ጤነኛ መስሎ ይኖራል፤ ሩጫ ሲጀምር ነው ነገሩ የሚወጣው። እኩዮቹ እያወሩ ሲሮጡ እሱ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልቡ ይመታበታል፣ ሌሊት ያስለዋል። መገጣጠሚያው አንዴ ጉልበቱ ላይ አንዴ ክርኑ ላይ አብጦበት ያውቃል። ይህን ልጅ «ሰነፍ» ብሎ አንድ ዙር መጨመር ሊገድለው ይችላል። ሲሮጥ ራሱን የሳተ ልጅ፣ ቢነቃና «ደኅና ነኝ» ቢልም፣ ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳ አይመለስ። ሕመሙ በጊዜ የተደረሰበት ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ልቡን ከተጨማሪ ጉዳት ማትረፍ ይችላል። ጤና ጣቢያዎች፣ ቡድኖች ልጆችን ይዘው ሲመጡ ደረታቸውን ሳታዳምጡ አትመልሷቸው።

ከአርባ ዓመት በላይ ሆናችሁ ሩጫ የምትጀምሩም የደም ግፊታችሁንና ስኳራችሁን ተለኩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታትም በእርምጃ አሳልፉ። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ሲሰማችሁ ቁሙ። ልጆች ፊት ማቆም ነውር የለበትም።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. በቻይና ጋንሱ ግዛት በተራራ ላይ የ100 ኪሎ ሜትር ሩጫ ተካሄደ። መሐል ላይ ብርድ፣ ነፋስና በረዶ ድንገት ወረደ። የለበሱት ስስ ነበር። 21 ሯጮች ሞቱ፤ ከእነሱ መካከል በአገሩ የታወቁ ብርቱዎች ነበሩ። ጉናም ተራራ ነው። ማንም ቡድን ያለ መደረቢያ ልብስ፣ ያለ አዋቂ፣ መመለሻ ሰዓት ሳይቆርጥ ወደ ጉና አይውጣ። በክረምት ልምምድ ጠዋት ይለቅ፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ሩጫው ይቋረጥ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር ማንም አይጠለል። ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው የስማዳ ቆላ ደግሞ አደጋው ሙቀት ነው፤ የደጋ ልጅን በቀትር ወስዶ ማስሮጥ አይገባም።

በዚያው ዓመት፣ በነሐሴ፣ ጦርነት ነፋስ መውጫ ገብቶ ነበር። ውጊያ በነበረበት መሬት ያልፈነዳ ተተኳሽ ይቀራል፤ ዝናብ አፈሩን ባጠበ ቁጥርም ይወጣል። አገር አቋራጭ ልምምድ ስታደርጉ ሰውና ከብት ከሚመላለስበት መንገድ አትውጡ። ልጆች የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ፣ አይተው እንዲናገሩ አስተምሯቸው። ጎህ ሳይቀድ በጨለማ አትሩጡ። ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይም ልጆችን በቡድን አታሰልፉ፤ የኢሱዙ ሹፌር በመታጠፊያ ላይ ሕፃን አይጠብቅም። ሌላ መንገድ ከጠፋ በግራ በኩል፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ፣ በአንድ ረድፍ ሩጡ።

ስለ ሴቶች ልጆች በግልጽ እንነጋገር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ኬንያዊቷ ሯጭ አግነስ ቲሮፕ ኢቴን ከተማ፣ ቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች፤ 25 ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ባልደረቦቿ በስሟ ማኅበር መሥርተው በሯጭ ሴቶች ላይ ስለሚደርስ ጥቃት መናገር ጀመሩ። እኛ እስኪደርስብን መጠበቅ የለብንም። የሴት ልጅን ልምምድ፣ ገንዘብ፣ ስልክና መኝታ አንድ ወንድ ብቻውን የሚቆጣጠርበት ቡድን፣ ሰውየው የተከበረም ቢሆን፣ አደገኛ ነው። በየቡድኑ ልጆቹ ያለ ፍርሃት የሚያናግሯት አንዲት የታመነች ሴት ትኑር። ማሸት አስፈላጊ ከሆነ ሰው ባለበት ይሁን። «አዲስ አበባ ክለብ አስገባታለሁ፣ ውጭ እልካታለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ወላጆች ስሙን ይዛችሁ ወደ አትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ ሂዱ፤ ልጃችሁን ከዚያ በፊት አትስጡ። ጉልበት ይሰጣል የተባለ መርፌና እንክብልም ከማንም አይወሰድ። ኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. በዶፒንግ ቁጥጥር ድክመት ከተጠቀሱ አምስት አገሮች አንዷ ነበረች። በሕጉ ደግሞ ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው ነገር የሚጠየቀው ራሱ ሯጩ ነው፤ «አሰልጣኜ ሰጠኝ» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣውም።

የወረዳ ወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ቡድን ሲመዘገብ የምትጠይቁት የሜዳሊያ ዕቅድ ብቻ አይሁን። የእያንዳንዱ ልጅ ዕድሜ ከትምህርት ቤት መዝገብ ጋር ይመሳከር። ልጅ ቢወድቅ ማን እንደሚሸከመው፣ በምን ተጭኖ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚደርስ ቡድኑ በጽሑፍ ያቅርብ። አሰልጣኞቹ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ይማሩ፤ ይህ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር በመነጋገር የሚጀመር ሥራ ነው። የታዳጊዎችን ፕሮጀክት የሚመራ ሰው ሪፖርት ሲያቀርብ ስንት ዋንጫ እንደመጣ ከመናገሩ በፊት ስንት ልጅ እንዳቋረጠና ለምን እንዳቋረጠ ይናገር። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት አዲስ ልጆች ወደየሜዳው ይመጣሉ፤ ይህ ሁሉ ከዚያ በፊት ይለቅ።