ወደ ውጭ አገር ለሚሄዱ ባልደረቦቼ



ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ለመምህራን በተዘጋጀ አጭር ሥልጠና ምክንያት ናይሮቢ ነበርኩ። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የአልሸባብ ሰዎች ዱሲት በተባለው ሆቴል ግቢ ቦምብ አፈንድተውና ተኩስ ከፍተው 21 ሰዎች ገደሉ። ነገሩ ያበቃው በማግስቱ ጧት ነው። እኔ ያረፍኩት በሌላ ሰፈር ስለ ነበረ ምንም አልደረሰብኝም። ነገር ግን ስልኬ በዚያ አገር አይሠራም፤ ባለቤቴም «ናይሮቢ ሄዷል» ከማለት በቀር የሆቴሌን ስም አታውቅም ነበርና ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ሲነጋ ወደ ላከኝ መሥሪያ ቤት ብትሄድ የት እንዳረፍኩ የጻፈ ሰው አልተገኘም። የውሎ አበሌ ሒሳብ ግን እስከ ሳንቲሙ ድረስ ተመዝግቦ ተገኘ።

ጥፋቱ የመሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው አልልም። በአንዲት ብጣሽ ወረቀት አድራሻዬን ጽፌ ጠረጴዛ ላይ ማኖር ምን አቃተኝ? በእኛ ዘንድ ስለ ክፉ ነገር አስቀድሞ መናገር ክፉውን መጥራት ይመስለናል፤ «እግዜር ያውቃል» ብለን እንነሣለን። እግዜርስ ያውቃል፤ ያላወቀችው ባለቤቴ ናት።

በዚያ ምሽት ከእኛው ጋር የነበረ አንድ መምህር «ቀረብ ብለን እንይ» ብሎ ተነሥቶ ነበር። የሆቴሉ ዘበኛ በሩን ዘግቶ ባይከለክለው ኖሮ እኔም ሳልከተለው አልቀርም ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስለ አይሮፕላን ማረፊያም አንድ ነገር ልናገር። መጋቢት 13 ቀን 2008 ዓ.ም. በብራስልስ ማረፊያ ቦምቦቹ የፈነዱት ተጓዦች ሻንጣ ለማስመዝገብ በተሰለፉበት አዳራሽ፣ ማለት ከፍተሻው በፊት ነው። እኛ ደግሞ ወደ አገር ስንመለስ «ኪሎው በዛ» እየተባለ፣ በዚያው አዳራሽ ሻንጣ ፈትተን ጫማና ብርድ ልብስ ከአንዱ ወደ አንዱ ስናዛውር አንድ ሰዓት እንቆማለን። ሻንጣውን በሆቴል መዝኖ፣ እንደ ደረሱ ፍተሻውን ቶሎ አልፎ ወደ ውስጥ መግባት ይሻላል።

መሥሪያ ቤቶችንም የምለምነው ብዙ አይደለም። የጉዞውን ደብዳቤ ሲጽፉ ሠራተኛው የሚያርፍበትን ቦታና በዚያ አገር ያለውን የኤምባሲያችንን ስልክ ቁጥር በአንድ መሥመር ጨምረው፣ ግልባጩን ለቤተ ሰቡ ይስጡልን። በግልባጭስ ሰንፈን አናውቅም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ